የጥድ ግንድ ስንት ያወጣል? ለክቶ፣ ደረጃ አውጥቶ፣ ዋጋ ተምኖ መሸጥና መግዛት

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ወይም ደውሎ «የጥድ ግንድ አለኝ፤ ስንት ያወጣል?» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «አንድ መኪና ግንድ ሊሸጡልኝ ነው፤ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ይላል። ግንዱን ሳላይ መልስ መስጠት አልችልም። እናንተ ግን አጠገቡ ናችሁ፤ ጊዜ ወስዳችሁ ከለካችሁት መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። መመሪያው ለሻጭም ለገዢም ይሆናል፤ ሁለቱም የሚጎዱት ሳይለኩ በዓይን ሲስማሙ ነውና።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሜትሮ። የልብስ ሰፊ ሜትር ካላችሁ ደግሞ ዙሪያ ለመለካት ይመቻል።
- ከግንዱ ርዝመት የሚበልጥ ሲባጎ
- ጠመኔ ወይም የማይለቅ ቀለም፣ ግንዱ ላይ ቁጥር ለመጻፍ
- ቢላ ወይም ትንሽ መጥረቢያ፣ ቅርፊት ለመግፈፍ
- ሽብልቅ ወይም ትላልቅ ድንጋዮች፣ ግንዱ እንዳይንከባለል ለመደገፍ
- ደብተር፣ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር
- ወፍራም ጓንትና ጠንካራ ጫማ

ማስጠንቀቂያ፦ የተከመረ ግንድ ላይ አትውጡ፤ በተዳፋት ላይ ካለ ግንድም ከታች በኩል አትቁሙ። 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 4 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ትኩስ ግንድ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። መንከባለል ከጀመረ ሰው አያቆመውም። መጀመሪያ በሁለቱም ጎን ደግፉ፤ ከዚያ ሜትሮ አውጡ።

1. የቱ ጥድ እንደሆነ ለዩ

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት መጥተው «ልጄ፣ ጥድ በስንት ነው የምትገዛው?» አሉኝ። «እማማ፣ የቱ ጥድ?» አልኳቸው። «ጥድ ነዋ!» አሉኝ፤ አልተሳሳቱም። በከተማችን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ዛፎች በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ፤ የሦስቱም እንጨት፣ ሥራውና ዋጋው የተለያየ ነው።

ፓይን የምንለው ቅጠሉ ረጅም መርፌ ነው። ፓቱላ የሚባለው ዓይነት መርፌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው ከአንድ ሥፍራ ይወጣሉ፤ እንደ ፀጉር ወደ ታች ይንዘረፈፋሉ። ፍሬው ትልቅና እንጨትማ ነው። ግንዱ ሲቆረጥ ሙጫ ያወጣል፤ ቅርንጫፎቹም ተበታትነው ሳይሆን በአንድ ከፍታ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ስለሚወጡ ጉጦቹ ግንዱ ላይ በየእርከኑ ተሰብስበው ይታያሉ።

የፈረንጅ ጥድ ቅጠሉ መርፌ የለውም፤ ቅርንጫፉን እንደ ቅርፊት የሸፈነ ጥቃቅን ቅጠል ነው። ፍሬው ትንሽና ክብ ነው፤ የግንዱ ቅርፊት በቀጫጭን ረጅም ልጥ ይላጣል። የሐበሻ ጥድ ፍሬው እንደ ዘለላ ያለ ጥቃቅን ሰማያዊ ፍሬ ነው፤ ግንዱ ሲቆረጥ ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ እንደ እርሳስ ይሸታል።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? የሐበሻ ጥድ ልብ ምስጥን የሚቋቋም ሲሆን፣ ፓይን ግን መሬት ከነካ ዕድሜ የለውም። ከዚህ ሌላ የሐበሻ ጥድ አገር በቀል ስለሆነ አቆራረጡም አሻሻጡም የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለፓይን የተጻፈ ነው፤ ለፈረንጅ ጥድም በአብዛኛው ይሠራል።

2. ግንዶቹን ዘርግታችሁ ቁጥር ስጧቸው

ከክምር ውስጥ መለካት አይቻልም። ሁለቱም ጫፎች እንዲታዩ ዘርጉና በእያንዳንዱ ቀጭን ጫፍ ላይ ቁጥር ጻፉ። ሻጩና ገዢው አንድ ዓይነት ዝርዝር እንዲይዙ ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ የሚዳኛችሁ ይህ ወረቀት ነው።

3. ርዝመቱን ለኩ

ከአጭሩ ጎን ወደ አጭሩ ጎን ለኩ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጫፍ ረዝሞ የታየው በኩል ለጣውላ አይሆንም። መሰንጠቂያ ቤት ጫፎቹን ስለሚያስተካክል ለዚያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ትርፍ መኖር አለበት። 4 ሜትር ጣውላ የሚፈልግ ሰው 4 ሜትር ከ10 የሆነ ግንድ ይገዛል፤ የሚከፍለው ግን ለ4 ሜትር ነው። ልክ 4 ሜትር ብቻ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት ከተስተካከለ በኋላ 3 ሜትር ተኩል ሆኖ የሚሸጥ ጣውላ ይወጣዋል፤ ግማሽ ሜትር በገዛ እጃችሁ ጣላችሁ ማለት ነው። ዛፉን ገና ልታስቆርጡ ከሆነ ቆራጩን አስቀድማችሁ ንገሩት።

4. ውፍረቱን ያለ ቅርፊት ለኩ

ከቅርፊቱ ውስጥ ካለው እንጨት ጀምሩ። ጫፉ ፍጹም ክብ ስለማይሆን አንድ ጊዜ ሰፊውን፣ ከዚያ እሱን በመስቀልያ አቋርጣችሁ ጠባቡን ለኩና ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ። በቀጭኑ ጫፍም በወፍራሙም እንዲሁ አድርጉ። ጫፉ የማይታይ ከሆነ መካከሉ ላይ ቅርፊቱን ገፍፋችሁ ዙሪያውን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩና ለ3.14 አካፍሉት፤ የመካከሉ ዲያሜትር ይወጣል።

የሥር ጫፉ እንደ እግር ተዘርግቶ ከሆነ እዚያ ላይ የተለካው ውፍረት ያታልላል። ከጫፉ ግማሽ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ለኩ።

5. መጠኑን በሜትር ኩብ አስሉ

ቀመሩ አንድ ነው፦ ዲያሜትር × ዲያሜትር × 0.7854 × ርዝመት። ሁሉም በሜትር ይግባ፤ 30 ሳንቲ ሜትር 0.30 ተብሎ ይጻፋል። ስሌት ለማይወድ ሰው አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ግንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚይዝ ይኸው፤ በርዝመቱ ብቻ አባዙት፦

20 ሳንቲ ሜትር፦ 0.031
25 ሳንቲ ሜትር፦ 0.049
30 ሳንቲ ሜትር፦ 0.071
35 ሳንቲ ሜትር፦ 0.096
40 ሳንቲ ሜትር፦ 0.126
50 ሳንቲ ሜትር፦ 0.196

20ውንና 40ውን አስተያዩ። ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር እንጨቱ አራት እጥፍ ይሆናል። «ሁለት ቀጭን ግንድ እንደ አንድ ወፍራም ነው» የሚለው አነጋገር ከዚህ የተነሣ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ የትኛው ዲያሜትር? ቀጭን ጫፉ 30፣ ወፍራም ጫፉ 36፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ አንድ ግንድ እንውሰድ። በቀጭኑ ጫፍ ብቻ ካሰላችሁ 0.28 ሜትር ኩብ ይሆናል። በመካከሉ፣ ማለትም በ33፣ ካሰላችሁ 0.34 ይሆናል። በወፍራሙ ጫፍ ደግሞ 0.41። ግንዱ አልተለወጠም! ለስሌት እንዲመች አንዱን ሜትር ኩብ 10,000 ብር ብንል፣ ያው ግንድ በመጀመሪያው 2,800፣ በሁለተኛው 3,400፣ በሦስተኛው 4,100 ብር ገደማ ያወጣል ማለት ነው። ስለዚህ «ሜትር ኩቡ ስንት?» ከማለታችሁ በፊት «በየት በኩል ተለክቶ?» በሉ። ለእውነተኛው መጠን የሚቀርበው የመካከሉ ልኬት ነው። በቀጭኑ ጫፍ መስማማትም ክፉ አይደለም፤ ሙሉ ርዝመት ያለው ጣውላ የሚወጣው በቀጭኑ ጫፍ ልክ ነውና። እንዲህ ከሆነ ግን የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ከፍ ማለት አለበት።

6. ደረጃ አውጡ

ሁሉም ነጋዴ የሚስማማበት አንድ የደረጃ ስም በገበያው አላጋጠመኝም። እኔ የምሠራበት ይህ ነው፤ መሠረቱ ከግንዱ ምን ሊወጣ ይችላል የሚለው ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ቀጭን ጫፉ 30 ሳንቲ ሜትርና በላይ፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጡ ጥቂትና ከ3 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ብስባሽ የሌለው። ለበር፣ ለቁም ሳጥን፣ ለጠረጴዛ ይሆናል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ከ20 እስከ 30፣ ጥቂት የጎበጠ ቢሆንም የሚሰነጠቅ፣ ጉጡ እስከ 6 ሳንቲ ሜትር። ለሞራሌና ለጣሪያ እንጨት።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ከ15 እስከ 20፣ ወይም ወፍራም ሆኖ ጉጥ የበዛበትና የጎበጠ። ለዕቃ መጫኛ ሣጥንና ኮንክሪት ለሚሞላበት ጣውላ።

ከዚያ በታች ያለው ማገዶና አጥር ነው፤ በመሰንጠቂያ ዋጋ አትግዙት።

ደረጃውን ለማወቅ እነዚህን በቅርብ ተመልከቱ፦

ጉጥ። ሕያው ጉጥና ሙት ጉጥ አለ። ቅርንጫፉ ሕያው ሳለ የተቆረጠ ከሆነ ጉጡ ከዙሪያው እንጨት ጋር የተዋሐደ ነው፤ ጣውላው ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ቅርንጫፉ ደርቆ ለዓመታት ከቆየ ግን ግንዱ ዙሪያውን እያቀፈው ያድጋል እንጂ አይዋሐደውም፤ ዙሪያው ጥቁር ክብ ይታያል። ይህ ጉጥ ጣውላው ሲደርቅ ከነቅርፊቱ ወድቆ ቀዳዳ ይተዋል። ከሥር በኩል ያለው የመጀመሪያው ግንድ ብዙ ጊዜ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው፣ ቅርንጫፎቹ ቀድመው ስለተገረዙ ወይም ስለረገፉ ከዚያ በኋላ የተጨመረው እንጨት ጉጥ አልባ ስለሆነ ነው።

ቀጥተኛነት። ሲባጎውን በጎደጎደው ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥሩና ትልቁን ክፍተት ለኩ። ክፍተቱ ከቀጭኑ ጫፍ ዲያሜትር አንድ አሥረኛ ካልበለጠ አንደኛ ደረጃውን አልነፍገውም። ሩቡን ካለፈ ግን ቁረጡት። የሚያስደስተው ነገር ይህ ነው፤ እኩል የጎበጠን ግንድ ለሁለት ብትቆርጡት ጉብጠቱ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። 4 ሜትር ላይ 8 ሳንቲ ሜትር የነበረው በ2 ሜትር ግንድ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል።

የጫፉ መካከል። የዕድገት ቀለበቶቹ መካከል ከግንዱ መካከል ርቆ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ዛፉ አዘንብሎ ያደገ ነው። ቀለበቱ በሰፋበት ጎን ያለው እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ስለሚሸማቀቅ ጣውላው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ውፍረቱ አይሸውዳችሁ፤ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት።

ስንጥቅ። ቅርፊቱ በተገፈፈበት ላይ ስንጥቆቹ ቀጥ ብለው ከወረዱ ደኅና ነው። እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞሩ ከወረዱ ግን የእንጨቱ ጭረት ራሱ የተጠማዘዘ ነው፤ ከእሱ የሚወጣ በር ይጠማዘዛል። በግሌ እንዲህ ያለ ግንድ ለቤት ዕቃ አልገዛም፤ ርካሽም ቢሆን።

ቀለም። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ነጠብጣብና ሽብልቅ መሳይ ጥላ ከታየ ሻጋታ ገብቶበታል፤ ከተቆረጠ ሰንብቷል ማለት ነው። ጥንካሬውን ብዙም አይጎዳም፤ ተቀብቶ ለሚሸፈን ሥራ ይሆናል፤ መልኩ ለሚታይ ሥራ ግን አይሆንም። በቢላ ሲወጋ የሚለሰልስና የሚፈረፈር ከሆነ ግን ብስባሽ ነው፤ የተበላሸውን ያህል ከልኬቱ ቀንሱ።

7. ዋጋውን ከጣውላው ወደ ኋላ አስሉ

ግንድ በራሱ ዋጋ የለውም፤ ዋጋው ከውስጡ የሚወጣው ጣውላ ነው። ከላይ ያየነው 30 በ36 ግንድ ከተሰነጠቀ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው 7 ጣውላ፣ ከጎንና ከጎን ደግሞ ጥቂት ጠባብ ይወጣዋል። 7ቱ 0.14 ሜትር ኩብ ናቸው። ጠባቦቹ ሲጨመሩ ከ0.34 ሜትር ኩብ ግንድ ግማሽ ያህሉ ጣውላ ሆነ ማለት ነው፤ ይህም በጎ ሲሆን ነው። ቀሪው ሳጋቱራና ቅርፊት ያለበት የጎን ቁራጭ ነው። ግንዱ በቀጠነና በጎበጠ ቁጥር ወደ ሲሶው ይወርዳል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ በቦታቸው የዕለቱን ዋጋ አስገቡ። በአካባቢያችሁ ያለውን የፓይን ጣውላ ዋጋ ከሦስት መደብሮች ጠይቁ፤ 20,000 ብር በሜትር ኩብ ነው እንበል። ከግንዱ 45 ከመቶ ጣውላ ይወጣል ካላችሁ፣ አንዱ ሜትር ኩብ ግንድ የ9,000 ብር ጣውላ አለው። ከዚህ ላይ መሰንጠቂያ 1,500፣ መኪና 1,200፣ ጫኝና አውራጅ 300፣ ለሚሰነጠቀውና ለሚጣለው መጠባበቂያ 1,000 ብር ስትቀንሱ 5,000 ብር ይቀራል። ገዢ ከዚህ በላይ ከከፈለ ለሌላ ሰው በነፃ እየሠራ ነው። ሻጭ ደግሞ ከዚህ እጅግ ባነሰ ከሸጠ ትርፉን ለደላላ እየሰጠ ነው። ስሌቱን ለየደረጃው ለየብቻ ሥሩ፤ የአንደኛ ደረጃና የሦስተኛ ደረጃ ግንድ በአንድ ዋጋ አይደመሩም።

8. የምትስማሙት የት ላይ እንደሆነ ወስኑ

ግንድ በሦስት ቦታ ይሸጣል። ዛፉ በቁሙ ሳለ፣ ተቆርጦ መንገድ ዳር ከወጣ በኋላ፣ ወይም አዲስ አበባ ሥራ ቦታችሁ ድረስ ደርሶ። በቁሙ የገዛ ሰው የማስቆረጡንም፣ የመጎተቱንም፣ ውስጡ በስብሶ የመገኘቱንም አደጋ ይሸከማል፤ ስለዚህ ዋጋው ዝቅተኛው ነው። «በርካሽ አገኘሁ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ የቁም ዋጋን ከደረሰ ዋጋ ጋር ያስተያዩ ናቸው።

«አንድ አይሱዙ በዚህ ዋጋ» የሚለውን አትቀበሉ። ክምሩ ተለክቶ 10 ሜትር ኩብ ቢሆን በግንዶቹ መካከል ባዶ ቦታ ስላለ ጠጣሩ እንጨት ከ6 እስከ 7 ሜትር ኩብ ቢሆን ነው።

በብዛት የምትገዙ ከሆነ ጨረታ ተከታተሉ። እንደ ኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ያሉ የመንግሥት የደን ድርጅቶች ከተተከለ ደን የሚወጣ እንጨት በጨረታ ይሸጣሉ። ለጨረታ ማስታወቂያ የአዲስ ዘመን ጋዜጣን ገጾች መከታተል የተለመደ ነው። ሰነዱን ስትገዙ አራት ነገር አስምሩ፦ መጠኑ በቁም ግምት ነው ወይስ በልኬት፣ የማስከበሪያው ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ስንት ነው፣ 15 ከመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ከዚያ በላይ፣ ያሸነፈ ሰው እስከ መቼ አንሥቶ መጨረስ አለበት። ቦታውን ሳታዩ ዋጋ አትሙሉ። ጥቂት ዛፎች መርጣችሁ ዙሪያቸውን ለኩ፤ መኪና የሚገባበትን መንገድም በእግራችሁ ሂዱበት።

9. ወረቀቱን ያዙ፣ ከዚያ ጫኑ

በደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 መሠረት የደን ውጤት ያለ ፈቃድ ማጓጓዝ ያስጠይቃል። ደረሰኝና የማጓጓዣ ፈቃድ በእጃችሁ ሳይገባ መኪናው አይንቀሳቀስ፤ ኬላ ላይ የታሰረ ግንድ በየቀኑ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ የመኪና ኪራይም ይቆጥራል። በወረቀቱ ላይ ያለው የዛፍ ዓይነትና መጠን ከጭነቱ ጋር መግጠሙን ራሳችሁ አረጋግጡ። የከባድ መኪና እንቅስቃሴ በመሀል ከተማ በሰዓት የተገደበ ስለሆነ ሹፌሩን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። አንዱ ሜትር ኩብ ትኩስ ፓይን አንድ ቶን ገደማ ስለሚመዝን 5 ቶን ለሚጭን መኪና 5 ሜትር ኩብ በቂው ነው።

10. ሳይውል ሳያድር አሰንጥቁ

ፓይን ተቆርጦ በእርጥበትና በሙቀት ከተቀመጠ ሰማያዊው ሻጋታ በሳምንታት ውስጥ ይገባበታል። በክረምት መጠበቅ ካለባችሁ ከመሬት በሁለት ተሸካሚ እንጨት ላይ አንሡት፤ አናቱን ሸፍናችሁ ጎንና ጎኑን ነፋስ እንዲገባበት ተዉት። በበጋ ችግሩ ሌላ ነው፤ ጫፉ ከመካከሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። በተቆረጠበት ቀን ሁለቱንም ጫፎች የዘይት ቀለም ቀቡ። የተረፈ አሮጌ ቀለምም ይበቃል።

ስለ ግቢ ዛፍ የተለየ ማስጠንቀቂያ

በከተማ ውስጥ ያለ ዛፍ ከመቁረጣችሁ በፊት ወረዳችሁን ስለ ፈቃዱ ጠይቁ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለውን ደግሞ በራሳችሁ አትንኩ። ሁለተኛው አደጋ ውስጡ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከአንድ ግቢ ያማረ ግንድ ገዛሁ፤ 42 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው። መሰንጠቂያ ቤት ወስደነው ሦስተኛው ጣውላ ላይ መጋዙ ጮኸ፣ ብልጭታ ወጣ፣ ሥራው ቆመ። ከቅርፊቱ 9 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ የልብስ ማስጫ ሽቦ የታሰረበት ሚስማር ተገኘ፤ ዛፉ ዙሪያውን አድጎ ውጦታል። የመጋዙን ዋጋ የከፈልኩት እኔ ነኝ። አሁን የግቢ ግንድ ስገዛ ባለቤቶቹን «ልብስ የሚሰጣው፣ ከብት የሚታሰረው፣ አጥር የተመታው የት ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጫፉ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጥላ በቀጭኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ካየሁም ብረት ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ከሰው ቁመት በታች ያለውን ክፍል ለመሰንጠቂያ አልገዛውም።

ደጋግመው የሚያጋጥሙኝ ስሕተቶች

- ከነቅርፊት መለካት። 33 ሳንቲ ሜትር በሆነ ግንድ ላይ በጠቅላላው 3 ሳንቲ ሜትር ቅርፊት ቢጨመር መጠኑ በ19 ከመቶ ያብጣል።
- 0.7854ን መርሳት። ዲያሜትር በዲያሜትር በርዝመት ብቻ አባዝቶ የሚያስከፍል ሰው 27 ከመቶ ጨምሮ እየወሰደ ነው። አብዛኛው ሰው በተንኮል ሳይሆን ቀመሩን ባለማወቅ ያደርገዋል፤ በጨዋነት አሳዩት።
- ሁሉንም ዛፍ በአንድ ርዝመት መቁረጥ። ጉብጠቱ ያለበትን አይታችሁ እዚያ ላይ ቁረጡ።
- እርጥብ ጣውላ ወዲያው ለቤት ዕቃ መሥራት። በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ ጥላ ሥር ተደርድሮ ለወራት መድረቅ አለበት፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ አንዱን ጣውላ በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት።
- ቀብድ ከፍሎ ግንዱን ምልክት አለማድረግ። ቀብድ በሰጣችሁበት ቀን በሁለቱም ጫፎች ላይ ቀለም ቀቡና ከቁጥሩ ጋር ፎቶ አንሡ። በማግሥቱ ስትመለሱ 38ቱ ግንድ በ31 ተተክቶ ብታገኙት በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ያ ፎቶ ነው።